ባዶ እጄን ነኝ

ወደ ሱሉልታ በሚሄደው ሚኒባስ ከኋላዬ የተቀመጡ ሽማግሌ፣ አጠገባቸው ያለችውን ልጅ የሆስፒታል ባጅ አይተው ወሬ ጀመሩ።

«እዚያ ነው የምትሠሪው?»

«አዎ አባባ፣ ኤምአርአይ ክፍል ነኝ።»

«ባለፈው ኤምአርአይ ስነሳ በመርፌ ብረት ሰጥተውኛል።»

«ናኖ የሚባል፣ በዓይን የማይታይ የብረት ቅንጣት ነው። ጤነኛው ጉበት ይውጠዋል፣ የታመመው ግን አይውጠውም። በምስሉ ላይ ሕመሙ ተለይቶ የሚታየው ለዚህ ነው።»

«እሱስ ታየ። ብረቱ መቼ ነው የሚወጣልኝ?»

«አይወጣም፤ ቀስ በቀስ ደምዎ ይሆናል። ምነው፣ አመመዎት?»

«እኔን አላመመኝም። የባለቤቴ ነገር ነው።»

«ምን ሆኑ?»

«ከሞተች ወዲህ፣ ሲመሽ እየመጣች አጠገቤ ትቀመጥ ነበር።»

ሽማግሌው ድምፃቸውን ዝቅ አደረጉ።

«አራስ ራስጌ ቢላ የሚቀመጠው ለምን እንደሆነ ታውቂያለሽ?»

«መንፈስ ብረት ስለሚፈራ ነው ይላሉ።»

«ኤዬ፣ እሱ ነው። አሁን ደጃፍ ላይ ትቆማለች እንጂ አትገባም። ‹ምን ይዘህ ነው?› ትለኛለች። ባዶ እጄን ነኝ ብላት አታምነኝም።»

እኔም ጣቴ ላይ አንጠልጥዬው የነበረውን የቤቴን ቁልፍ ድምፅ ሳላሰማ ቦርሳዬ ውስጥ ከተትኩት።