ባሕር መሃል ያለ ሙዝ

ከጫኖ ወደ አርባ ምንጭ ስንመጣ ሹፌሩ ካሴቱን አውጥቶ ዜና ከፈተ። ሕንድ ውቅያኖስ ላይ ወዳሉ ደሴቶች ብርቱ አውሎ ነፋስ እየተቃረበ ነው ተባለ። ሙዝ የያዙ እናት አጠገባቸው ወዳለው ተማሪ ዞሩ።

«ልጄ፣ እዚያ ሙዝ አለ?»

«አለ እማማ፣ ብዙ ነው።»

«በባላ ይደግፉታል?»

«እሱን እንኳ አላውቅም።»

«ዛሬውኑ ይደግፉት እንጂ! እኛ ነፋስ ሊመጣ ሲል የደረሰውን ዘለላ ቆርጠን፣ ለቀረው ባላ እናቆምለታለን።»

«ይሄኛው ቤት የሚነቅል ነው፣ እማማ።»



«እንግዲያው ሙዙ ይቅር። ማታ ጸሎት ላይ ሰዎቹን እናስባቸዋለን። አገራቸውን ማን አሉት?»

«ስሙን አልያዝኩትም።»

«ግድ የለም፣ እሱ ያውቃቸዋል። እንካ፣ አንተ ሙዝ ብላ።»

በመስኮቴ የሚገባው ነፋስ ለዚያ ሙቀት ደስ ይል ነበር፤ እኔ ግን መስኮቱን ቀስ ብዬ ዘጋሁት።