ባድሩ የሞላው ፎርም

— ሄሎ? … አቤት ባድሩ፣ ወንድሜ። ደህና ነኝ፤ ዛሬ ከደም ምርመራ ላቡ ሥራዬ ኦፍ ነኝ።

— ሚስስ ሊያንግ? ቻይናዊቷ ጎረቤትህ? … አዎ፣ ነገ ሰርጀሪ አላት፣ ነግረኸኛል። እና አሁን ሆስፒታል ናችሁ?

— ደም ልትሰጣት? አንተ? መርፌ ስታይ እናታችን ጉያ የምትገባው? … የደምህ ዓይነት ኦ ቢሆንስ? የደም ዓይነት በኦ አያልቅም። ደግሞ ስኳር አለብህ የተባልክ ሰው ነህ፤ አርፈህ ተቀመጥ።

— ቆይ… ምን አለችህ? በፊትም የሰው ደም ወስጃለሁ? የት? … ጓንግዡ፣ ልጇን ስትወልድ። ለነርሷ ነግራችኋል?

— የሆስፒታሉን ፎርም አንተ ሞላህላት። እሺ… ደም ወስደሽ ታውቂያለሽ የሚለውንም፣ ሁሉንም «ኖ» አልከው? ሳትጠይቃት? … ባድሩ፣ ይሄ እኮ ትራክ ለመንዳት የምትሞላው የጤና ካርድህ አይደለም።

— ሶሬቲ፣ ቲቪውን ቀንሺው፤ አጎትሽ ነው።

— ስማኝ። የሰው ደም የወሰደ ሰውነት አንዳንዴ ቂም ይይዛል። አንቲቦዲ የምንለው እሱን ነው። … አዎ፣ እንደ አንተ። ዓመት ሲያልፍ ይደበቃል፤ ያው ዓይነት ደም ሲመጣ ይነሳል። ቻይናዎች ላይ ደግሞ እዚህ የተለመደው ምርመራ ሊስተው የሚችል ዓይነት አለ።

— አዎ… ሊገድላት ይችላል። እኔም ፈርቻለሁ።

— ፍራ፤ ግን እየሄድክ ፍራ። ለነርሷ ራስህ ንገራት። ስልኩን አትዝጋ፣ ልስማህ።

— …

— ጎሽ። እንግሊዝኛህ ስትፈራ ይጠራል። ምን አለች? … ድጋሚ ለምርመራ ደም ሊወስዱባት ነው። ጥሩ። የሚሰጣትን ደም ከራሷ ጋር አገናኝተው ያዩታል፤ የሚስማማ እስኪገኝ ይፈልጋሉ። … ለነገ ካልደረሰ ሰርጀሪው ይቆይ፤ እሷ ትኑርልን።

— ሚስስ ሊያንግስ ምን አለች? … ሳቀች? ከእንግዲህ ሹፌሬ እንጂ ጸሐፊዬ አይደለህም አለች? ወላሂ ወደድኳት።

— እና ባድሩ… የራስህ ካርድ ላይ «ስኳር አለብህ ወይ» ሲሉህ ምን ትላለህ?

— ወሬ አትቀይርብኝ። ያን ሁሉ ዕቃ ጭነህ ሃይዌይ ላይ… ስንት ዓመትህ ነው «ኖ» ስትል?

— ባድሩ? … ሄሎ?

— ዘጋው። ሶሬቲ፣ ነይ እስቲ፤ የሚስቱን የሲምቦን ቁጥር አውጪልኝ።