ከሾላው ሁለት መቶ እርምጃ

የወረዳው ውሃ ጽሕፈት ቤት ባለሙያ ሰናይት፣ የኮምፒውተር ካርታ ሥራ የተማረችው ገና ባለፈው ክረምት ነው፤ ዛሬ የመቆፈሪያው መኪና ሊሄድ ዕቃውን እየጫነ ሳለ፣ እሷና የቀበሌው የውሃ ኮሚቴ ሰብሳቢ አያ መልኬ ደረቁ ጉድጓድ አጠገብ ቆመዋል።

አያ መልኬ፦ አልፈርምም ብያለሁ። ስንቴ ልበልሽ?

ሰናይት፦ አያ፣ ወረቀቱ የሚለው እኮ ያዩትን ነው። መቶ ሃያ ሜትር ተቆፈረ፣ ውሃ አልተገኘም። ሐሰት አለው?

አያ መልኬ፦ ከሥሩ ያለውንም አንብቢያ! ምነው ዘለልሽው?

ሰናይት፦ «አካባቢው የከርሰ ምድር ውሃ የለውም» ነው የሚለው።

አያ መልኬ፦ ከፈረምኩ በኋላስ?

ሰናይት፦ ቀበሌው ካርታው ላይ ቀይ ይቀባል።

አያ መልኬ፦ ቀይ ሲሆን ምን ይመጣል?

ሰናይት፦ ምንም አይመጣም። ሁለተኛ መቆፈሪያ አይላክም።

አያ መልኬ፦ ታዲያ በገዛ እጅህ አገርህን ቅበር ነው የምትዪኝ! ጥቅምት ላይ መጥተሽ ውሃው ሾላው ሥር ነው አላልሽንም? ሴቶቹ እልል ብለው አልሸኙሽም? እዚህ ምን አመጣችሁ?

ሰናይት፦ ቆፋሪዎቹ እኔ የሰጠኋቸውን የቦታ መለኪያ ቁጥር ተከትለው ነው።

አያ መልኬ፦ ቁፋሮው የተጀመረ ዕለት «ኧረ ከሾላው ራቃችሁ!» ብዬ ስጮህ ምን አልሽኝ?

ሰናይት፦ አያ፣ እሱን ይተዉት።

አያ መልኬ፦ ንገሪኛ!

ሰናይት፦ «ሳተላይት ከእርስዎ የበለጠ ያያል» አልኩዎት።

አያ መልኬ፦ እኔም አፌን ያዝኩ። የተማረች ልጅ ናት ብዬ።

ሰናይት፦ አያ... ትናንት ኮምፒውተሩን ከፍቼ አየሁት። የሾላውን ቦታ ያነበብኩት ከድሮው ካርታ ነው። የድሮው ካርታና የዛሬው ሳተላይት መቁጠር የሚጀምሩት ከተለያየ ቦታ ነው። የአንዱን ቁጥር ወደ ሌላው መለወጥ ነበረብኝ። ሲያስተምሩን ሁለት ጊዜ አስምሬበት ነበር። ረሳሁት።

አያ መልኬ፦ ሲረሳ ምን ያህል ያስታል?

ሰናይት፦ ሁለት መቶ እርምጃ ግድም።

አያ መልኬ፦ ሾላው ያውና። ከዚህ እኮ ቅጠሉ ይታያል።

ሰናይት፦ አይፈርሙ በቃ። ስህተቱ የእኔ ነው ብዬ እጽፋለሁ። ቢያባርሩኝም ያባርሩኝ።

አያ መልኬ፦ ብትጽፊው መኪናው ይራገፋል?

ሰናይት፦ አይራገፍም። ነገ ሌላ ወረዳ ይጠብቁታል።

አያ መልኬ፦ መቼ ይመለሳል?

ሰናይት፦ ወረፋው... ሦስት ዓመት። ቀይ ካልተቀባ።

አያ መልኬ፦ ሦስት ዓመት! ጎረቤቶቼ እነ ዘርፌ ውሃ አጥተው ትናንት አገር ለቀው ወጡ። የእነ አድማሱ በር ከተዘጋ ሳምንቱ ነው። እኔን ያቆየኝ ይሄው መኪና ነበር፤ ከሦስት ዓመት በኋላ ቢመጣ ማን ይጠብቀዋል? አምጪ ቀለሙን።

ሰናይት፦ አያ፣ ተዉ! አይፈርሙ ስልዎት!

አያ መልኬ፦ አንቺን ከእንጀራሽ አፈናቅዬ ምን ላገኝ? ሆዴ ቢቃጠልም ልጅ ነሽ። ይኸው አውራ ጣቴ።

ሰናይት፦ አያ መልኬ፣ ይቅር ይበሉኝ...

አያ መልኬ፦ ስሜን አስተካክለሽ ጻፊ። አድራሻ የሚለውን ግን ባዶ ተዪው።