ልጅቷ የት ትቀመጥ?

ከዋና ከተማችን ከአፒያ ወደ መንደራችን የሚመለሰው አውቶቡስ ውስጥ ስገባ ቦታ አልነበረም። በእኛ በሳሞአ ግን ቦታ ጠፍቶ ደጅ የሚቀር ሰው የለም፤ ወጣቱ ተነሥቶ ትልቁን ያስቀምጥና ራሱ በትልቁ ሰው ጭን ላይ ይቀመጣል። ፉአቲኖ ብድግ ብላ አስቀመጠችኝና ጭኔ ላይ ተደላደለች። እኔው ፊደል ያስቆጠርኳት፣ ኋላ ኦክላንድ ሄዳ ፊልም ሥራ የተማረች ልጅ ናት። ከጎኔ የአያቷ ወንድም ፔኒያሚና አሉ፤ በየሸንጎው መንደራችንን ወክለው የሚናገሩ ሽማግሌ። ሁለቱም ተኳርፈዋል።

"ምነው፣ ምን ሆናችሁ?" አልኩ። ዝም ማለት አልችልበትም።

"መምህርት፣ እስቲ እርስዎ ይፍረዱን" አሉ ሽማግሌው። የሾፌሩ ዘፈን ጆሮ ስለሚያደነቁር ሌላ ሰው አይሰማንም። "ይቺ ልጅ ቤቴ ውስጥ ፊልም ልትሠራ ነው፤ ስለተደፈረች ሴት። ቤቴን ፈቀድኩላት። አሁን ደግሞ ድርጊቱን አላሳይም ትለኛለች። ካላሳየች ማን ያምናታል?"

እዚህ ላይ ፉአቲኖ የማታውቀውን፣ እኔ ግን የማውቀውን ልንገራችሁ። እዚያ ቤት ውስጥ የፔኒያሚና እህት ሌውቴ ትኖራለች፤ ወዳጄ ናት። የሃያ ሁለት ዓመት ልጅ ሳለች የጎረቤት መንደር ሰው ደፈራት። ዘመዶቹ መጥተው ይቅርታ ጠየቁ፣ ቤተሰቡም ተቀበለ። ከዚያ ወዲህ ቴሌቪዥን ላይ እንዲህ ያለ ፊልም በመጣ ቁጥር ሌውቴ ተነሥታ የታጠበ ሳህን መልሳ ታጥባለች። አሁን እንግዲህ ፊልሙ በገዛ ቤቷ ሊሠራ ነው።

"አባባ፣ እርስዎ የሚያዩዋቸው ፊልሞች ሁሉ ያሳያሉ" አለች ፉአቲኖ። "ቀሚሷ ይቀደዳል፣ ዝናቡ ይወርዳል፣ ሙዚቃው ይንቆረቆራል። እስቲ ይንገሩኝ፣ ያን ጊዜ የሚያዩት በማን ዓይን ነው? በሷ ወይስ በሰውየው?"

"እኔ እንኳ ዓይኔን እጨፍናለሁ።"

"በጣትዎ መሐል እያዩ" አልኩ። ሳቅ አመለጣቸው።

"ይሁን፣ ማመኑስ?"

"ጎደሬዬን ተሰረቅሁ ብለው ሸንጎ ሲመጡ፣ ሌባው ሲቆፍር ካላየን አናምንዎትም የሚልዎት አለ?" አለች ፉአቲኖ።

"ማን ደፍሮ!"

"እሷን ለማመን ግን ማየት አለብን ማለት ነው?"

አገጫቸውን አሻሹ። በቀላሉ የሚረቱ ሰው አይደሉም። "መልካም፣ አታሳዪ። መጨረሻው ላይ ግን ባሕር ገብታ ትሙት። ሕዝቡ ያለቅስላታል፤ ሲያለቅስ ይማራል።"

"ለሞተች ማልቀስማ ቀላል ነው፣ አባባ። ምንም አትጠይቀንም። የሚከብደን አብራን ስትኖር ነው፤ ገበያ ስትወጣ፣ ስትቆጣ፣ ስትቀልድ። ደግሞ ብዙዎቹ በሕይወት አሉ። ቁጭ ብለው ፊልሙን የሚያዩት እነሱም ናቸው። እንዲህ ያለ ነገር ለደረሰባት የሚሻለው መሞት ነው ብዬ ላስተምራቸው?"

ጭኔ ደንዝዟል፤ ግን ንግግሯን እንዳላቋርጥባት ፈርቼ አልተነቃነቅሁም። እንዲህ ያለ ነገር እኔ በሠላሳ ዓመት ማስተማር አንድ ቀን እንኳ አልተናገርኩም።

"እንግዲያው በኢፎንጋው፣ በይቅርታ ሥርዓታችን ይለቅ" አሉ ፔኒያሚና፣ አሁን በሚያውቁት ስለገቡ ደረታቸውን ነፍተው። "ጎህ ሲቀድ የአጥፊው ዘመዶች የክብር ምንጣፍ ተከናንበው ደጃፌ ላይ ያጎነብሳሉ። እኔ ወጥቼ ምንጣፉን አነሣለሁ። ገብተን እንቀመጣለን፤ ትልቁ አለቃ በፊተኛው ምሰሶ፣ እኔ በቀኙ፣ እንግዶቹ ከወዲያ ማዶ፣ ቄሱ በመካከለኛው ምሰሶ።" ማን በየትኛው ምሰሶ ሥር እንደሚቀመጥ ተኝተው ቢጠየቁ አይስቱም።

ፉአቲኖ ደብተሯን አውጥታ ሁሉንም ጻፈች። "ልጅቷስ በየትኛው ምሰሶ ሥር ትቀመጥ?" አለች። ነገር ፍለጋ አልነበረም፤ ካሜራዋን የት እንደምታቆም ለማወቅ ነው የጠየቀችው።

"ልጅቷማ..." አሉና ቆሙ። "ልጅቷ ማዕድ ቤት ናት። ለእንግዶቹ ታበስላለች።"

የተናገሩትን የሰሙት ከተናገሩ በኋላ ነው። ፊታቸው ተለዋወጠ። መንደራችን ደረስን። ስንወርድ ክንዴን ያዙኝ።

"ሌውቴም ያን ቀን ማዕድ ቤት ነበረች፣ መምህርት። ይቅርታውን የተቀበልኩት እኔ ነኝ። ጎደሬውን ያበሰለችው እሷ ናት። እኔም በላሁ።"

በእኛ ወግ ወንድም እንዲህ ያለውን ነገር ለእህቱ አያነሣም። ስለዚህ ሌውቴን እንድጠይቅላቸው ላኩኝ፤ እሷ እምቢ ካለች ፊልሙ ይቀራል። ሌውቴ እጇን በቀሚሷ እያደረቀች እስከ መጨረሻው አዳመጠችኝ።

"ልጅቷ ትናገራለች?" አለችኝ።

"ትናገራለች።"

"ይሥሩት። አንድ ነገር ግን ንገሪልኝ። ሲጠይቋት አታልቅስ። እኔ አላለቀስኩም፤ መጀመሪያ ያላመኑኝም ለዚያ ነው።"

ፊልሙ እንደዚያው ተሠራ። ድርጊቱ አይታይም፤ ልጅቷ ትኖራለች፣ ሳታለቅስ ትናገራለች። ፊልም ምን ይጠቅማል የምትሉ ካላችሁ ስሙኝ። ዛሬ ሸንጓችን የተበደለችውን ሴት ራሷን፣ እሷ የመረጠቻት ሴት ባለችበት፣ ሳይጠይቅ ምንጣፍ አያነሣም። እርቅ ወረደ ተብሎ ሐኪምና ፖሊስ አይቀርም። ለዓመታት አፋቸውን ይዘው የኖሩ ሦስት ሴቶች ወደ ነርሷ ሄደው ተናግረዋል። ወንዶቹም "ለምን አልጮኸችም?" ማለት አፍረዋል።

ፊልሙ መጀመሪያ የታየው አንድ ቅዳሜ ከሰዓት በፔኒያሚና ቤት ነበር፤ ሌውቴም እስከ መጨረሻው አየችው። ሰው ሲበተን እኔ ከእሷ ጋር ቀረሁ። ፔኒያሚና መጥተው ፊቷ ተቀመጡ።

"ያን ቀን ይቅርታውን ስቀበል አንቺን አልጠየቅሁሽም" አሉ። "አሁን ልጠይቅሽ።"

ሌውቴ አሰበችበት። "እንግዲያው አልቀበልም" አለች። "ሰውየውን ይቅር አላልኩም።"

"እሺ" አሉ አንገታቸውን ደፍተው። "እኔንስ?"

"አንተ ወንድሜ ነህ። ቀስ ብዬ አስብበታለሁ። አሁን ተነሥና ራት ሥራልን፤ እኔ ዛሬ ደክሞኛል።"

የሸንጎ ተናጋሪ ምግብ አያበስልም። ፔኒያሚና ግን ተነሥተው እሳት ሊያነዱ ሄዱ።