የበጓ ቆዳ

ጥፋተኛ ወታደር ይማር ወይስ ይቀጣ ብለው ሲከራከሩ በሰማሁ ቁጥር፣ በንጉሡ ዘመን ሱሉልታ ላይ የተሰረቀችብን በግ ትዝ ትለኛለች። የሰረቃት፣ መንደራችን አጠገብ ከሰፈረው ጦር አንዱ ወታደር፣ ሊገረፍ ሜዳው ላይ በሆዱ ተኝቷል። አዛዡ ሻምበል አባቴን አስጠርቶ፣ «ኦቦ ገመዳ፣ አሥር ጅራፍ ፈርጄበታለሁ። ልማርልህ ወይስ ልጨምርበት?» አለው። እኔ «ይጨመርበት!» ብዬ ጮህኩ፤ ያሳደግኳት እኔ ነበርኩ። አባቴ ግን የበጓ ቆዳ በሻምበሉ ድንኳን ደጃፍ ተወጥሮ አይቷል። አጎንብሶ፣ «ጌታዬ፣ ሙሉ በግ ብቻውን በላ?» አለ።

የተሰለፉት ወታደሮች ሳቃቸውን ዋጡ። ሻምበሉ ፊቱ ጠቆረና፣ «ሃያ ይሁን!» አለ። አባቴ እግሩ ላይ ወድቆ ቢለምነውም አልሰማውም። ይኸው አርጅቻለሁ፤ በሰው አገር ስንት የሕግ መጽሐፍ አንብቤአለሁ። ሻምበሉስ ይማር ወይስ ይቀጣ ብሎ የጠየቀን ግን እስከ ዛሬ የለም።