ላስተካክላት ብዬ ነው

«አንገትህን ትንሽ ዘንበል... እንደሱ። ሙቀቱን እንዴት ቻልከው አንተ? መኪና ውስጥማ ትቀቀላለህ» አለ ፀጉር አስተካካዩ፣ ወንበሩ ላይ ለተቀመጠው ሾፌር። ከኋላ፣ ተራ መጠበቂያው ላይ፣ በሰፈሩ የቼዝ ክለብ ውድድር አንደኛ የወጡት አዛውንት ጋዜጣቸውን ዘርግተዋል። ነገ ዋንጫ ይቀበላሉ። ፀጉር አስተካካዩ በመስታወቱ አየት አደረጋቸውና ድምፁን ሳይቀንስ ቀጠለ።

«እሁድ ቼዝ ውድድሩ ላይ ለእህቴ ከአንድ ትልቅ ሰው ጋር ዕጣ ወጣላት። ዳቦ ቤት የምትሠራዋ፣ ታውቃታለህ። ውድድር ላይ አንድም ቀን አሸንፋ አታውቅም። እሳቸው ደግሞ... ምን ልበልህ፣ ሰሌዳው ራሱ ሲያያቸው ብድግ ይላል። ያን ቀን ልጅቷን ምን እንደነካት እንጃ፣ አስጨነቀቻቸው። ንግሥታቸውን አነሱ። አንስተው ሳለ የእህቴን ፈረስ አዩት። የትም ቢያስቀምጧት ትበላለች፣ እህቴም አሸነፈች ማለት ነው። የነኩትን መጫወት፣ ለማስተካከል ከሆነም አስቀድሞ መናገር ደግሞ ሕግ ነው አይደል? ዳኛው ዞር ብሎ ውኃ ይቀዳ ነበር... የእሳቸው ጥፋት ነው እንዴ? ቀስ ብለው ቦታዋ መለሷትና ‹ላስተካክላት ብዬ ነው› አሉ።

ለካ እሳቸውም አስተካካይ ናቸው። እኔ ቀኑን ሙሉ በመቀስ ስለፋ፣ እሳቸው በሁለት ጣት። ልዩነታችን ትንሽ ነው፤ እኔ ‹ላስተካክል?› ብዬ ነው የምነካው፣ እሳቸው ነክተው ነው የሚናገሩት። ችሎታ ነዋ። እህቴ ትልቅ ሰው አክባሪ ናት፣ ዳኛውን አልጠራችም። ተሸነፈች። አልከፋትም... ሰሌዳውን ብቻ ቁም ሳጥን ላይ ሰቅላ ‹ሁለተኛ አልነካውም› አለች። እሷ እንኳ አልነካም ካለች አትነካም፣ ሞኝ ናት። እኔ ግን አጽናናታለሁ። አንቺን ለማሸነፍ እኮ ያን ያህል ሰው ያን ያህል ተቸገረ፣ ከዚህ በላይ ምን ክብር አለ እላታለሁ። ተነስ እንግዲህ፣ አምሮብሃል።»

ጨርቁን አራገፈና ወደ ኋላ ዞረ። ጋዜጣው ከተዘረጋ ጀምሮ ገጹ አልተገለጠም።

«ተራው የእርስዎ ነው ጋሼ፣ ይምጡ። ለነገው ፎቶ ነው አይደል? አይሳቀቁ፣ እኔ አስቀድሜ ተናግሬ ነው የምነካዎት። ዕድሜ ከጤና ይስጥልን። እጅዎ ይባረክ፣ የነኩት ሁሉ ይስተካከልልዎት... ነገም ዋንጫውን ሲያነሱ፣ መልሶ ከማስቀመጥ ይሰውርዎት።»