ጉንዳኖቹና የሁዳዴው እንቁላል

አያ የሻው ከቁስቋም ቅዳሴ ተመልሰው የግቢያቸውን በር ሲገፉ፣ ተከራያቸው ቤዛዊት የተቀቀለ እንቁላል ይዛ ፊት ለፊት ገጠመቻቸው። የሥነ ሕይወት መምህርት ናት፤ ጨዋነቷንም ያውቃሉ። ግን ሁዳዴ ነው!

«ምነው ልጄ፣ ምነው! በጾም?» አሉ አንጀታቸው እርር ብሎ።

«ለእኔ አይደለም፣ አያ። ለጉንዳኖቼ ነው።»

አያ የሻው ብዙ ጉድ ሰምተዋል፤ ጉንዳን ቀላቢ ግን ሰምተው አያውቁም። ሊቆጡ ተከትለዋት ክፍሏ ገቡ። ሰው መቼም ሰው ነውና፣ ቁጣቸውን ረስተው ጉንዳኖቹ ያሉበትን የመስታወት ሣጥን ጎንበስ ብለው ያዩ ጀመር።

በአንድ ጥግ የስኳር ውሃ፣ በሌላው የእንቁላል አስኳል ፍርፋሪ ተቀምጧል። አንዲት ጉንዳን የስኳሩን ውሃ ጠጣች፤ አስኳሉን ግን አንስታ ወደ ጎጆዋ ይዛው ገባች።

«ምነው አትበላው?»

«ትልልቆቹን ለሥራ የሚያበረታቸው ስኳሩ ነው፣ አያ። አስኳሉን የሚወስዱት ለእጮቹ፣ ለእነዚያ ነጫጭ ሕፃናት ነው። እናቴን ልጠይቅ አዲ አርቃይ ሄጄ ሳለ ጓደኛዬ ስኳር ብቻ ሰጠቻቸው። ትልልቆቹ ምንም አልሆኑ፤ እጮቹ ግን ሳያድጉ ባሉበት ቀሩ።»

ይህች ቃል አያ የሻውን ወጋቻቸው። የልጃቸው ልጅ፣ ትንሿ ሚስጥር፣ ሁለት ዓመት አልፏት ጥቂት ተራምዳ ስለምትደክም ገና ትታዘላለች። ጤና ጣቢያ መዝነዋት፣ «ከስታለች፤ እንቁላልና ወተት ስጧት» ብለው ነበር።

«ልጅ እንደማይጾም እኔም አውቃለሁ» አሉ ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው። «ግን እንቁላል የነካው ድስት የጾም ወጥ አይሠራበትም። ሽሮ እየበላች ፋሲካን ትጠብቅ ብለን ነው።»

«እንግዲያ ልጅቷን የሚያስጾማት ድስቱ ነዋ! እድገት ደግሞ ፋሲካን አይጠብቅም። አንድ ትንሽ ድስት ለእሷ ብቻ ቢለዩላት፣ የእርስዎም ጾም አይነካ፣ ልጅቷም አትጎዳ።»

ሞኝና ወረቀት የያዘውን አይለቅም ይባላል። አያ የሻው ግን ግትር እንጂ ሞኝ አልነበሩም። ሌላዋ ጉንዳን ከራሷ የሚበልጥ አስኳል ስትጎትት አዩና ዓይናቸው እንባ አቀረረ።

«ይህች እንኳ ራሷ ጾማ የቤቷን ሕፃናት ታበላለች። እኔ ሽማግሌው ድስት ከልጄ ልጅ አስበለጥሁ!»

ዕለቱን ቅዳሜ ገበያ ወርደው ትንሽ የሸክላ ድስት ገዙ። ባለቤታቸው ወይዘሮ ትርንጎ፣ «ጎረቤት ምን ይለናል?» ብለው ተጨነቁ።

«ጎረቤትማ መጥቶ ይመልከት! ሸጋ ነገር አይደበቅም።»

ጎረቤት መጣ፤ አማ፤ ከዚያም ሞላ ያለውን የሚስጥርን ጉንጭ አየ። ጾሙ ሳይጋመስ፣ ሕፃን ያለበት ቤት ሁሉ የልጅ ድስት ለየ። በሚገባ የተመገበ ሕፃን አጥንቱ ይጠናል፣ በሽታን ይቋቋማል፣ ነገ ፊደል ሲቆጥርም አእምሮው ይከፈታል፤ ይህን አሁን ለሰፈሩ የሚሰብኩት አያ የሻው ራሳቸው ናቸው።

በዳግማይ ትንሣኤ ወደ ቁስቋም ሲወጡ ሚስጥር ከአያቷ ከወይዘሮ ትርንጎ ጀርባ ተንሸራታ ወረደች። ቆመች፤ ዳገቱን አየች፤ ከዚያም ሮጠች።

«ኧረ ያዙልኝ!» አሉ አያ የሻው፣ ከዘራቸውን እያወዛወዙ። ልባቸው ግን ማንም እንዳይዛት ይለምን ነበር።